ሰልፍ ስለ ምን ተፈጠረ?
ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን የእግረኛ ጦር አሰላለፍ

በየጧቱ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ጊዜ በየክፍላችን ተሰልፈን እንቆማለን። «ተጠንቀቅ!» ሲባል እግራችንን እንገጥማለን፤ «ቀኝ ዙር!» ሲባል ደግሞ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ዞሮ ፊት ለፊት የምንተያይበትና ሣቃችንን የምናፍንበት ጊዜ አልጠፋም። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሚደረገውን ሰልፍ በምንለማመድበት ሰሞን ግን ከመካከላችን አንዱ፥ «ይህ ሁሉ እግር ማንሣት ለምን ይጠቅማል? ማንስ አመጣው?» ብሎ ጠየቀ። አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ከእኛ መካከል አልተገኘም። ስለዚህ በታሪክ ትምህርት የሰማነውንና ከመጻሕፍት ያነበብነውን አሰባስበን ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

ነገሩን በመረመርን መጠን አንድ ሌላ ጥያቄ ተነሣብን። በቅኝ ግዛት ዘመን ጥቂት የአውሮፓ ወታደሮች ብዙ የአፍሪካ ጦር ያሸነፉት እነርሱ ሥርዓት ስለ ነበራቸው፥ አፍሪካውያን ግን ሥርዓት የሌለው ሕዝብ ስለ ነበሩ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ይነገራል። ይህ እውነት ነውን? እኛ እውነት ሆኖ አላገኘነውም። ምክንያታችንንም ከጥቂት ጦርነቶች ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል፤ የዐድዋን ግን በአገራችን አቆጣጠር ጭምር እናስታውሳለን።

በመጀመሪያ ሰልፍ ለጌጥ የተፈጠረ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። የቀድሞው ጠመንጃ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ፥ ውስጡም ልሙጥ ስለ ነበረ ከመቶ እርምጃ በላይ ርቆ የቆመውን ሰው አነጣጥሮ መምታት አስቸጋሪ ነበር። ወታደሩ ባሩድና ጥይት የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርሱ ቀድዶ፥ ባሩዱን አፍስሶ፥ ጥይቱን አግብቶ፥ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪተኩስ ድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በአንድ ደቂቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ መተኮስ አይችልም። ስለዚህ አንድ ጠመንጃ ብቻውን እምብዛም አያስፈራም፤ መቶ ጠመንጃ ግን ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ በአንድ ትእዛዝ ሲተኮስ ፊቱ የሚቆም የለም። በ16ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ የኔዘርላንዱ መስፍን ሞሪስ ይህን ተረድቶ፥ የፊተኛው ረድፍ ተኩሶ ወደ ኋላ ሄዶ ሲጎርስ ተከታዩ ረድፍ እንዲተኩስ ወታደሮቹን ያስለምድ ጀመር። ይህም የሚሆነው ሁሉም ሰው በአንድ ምት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ አንዱ ቢዘገይ የኋላው ይደናቀፋል፤ አንዱ ቢቸኩል የጎኑ ባዶ ይቀራል። እኛ ዛሬ በሜዳችን የምንደክምበት የእርምጃ ልምምድ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የተወረሰ ነው።

የእግረኛ ጦር አሰላለፍ በጠቅላላው ሦስት ዓይነት ነበረ። አንደኛው የጉዞ ሰልፍ ነው፤ ጦሩ ጠበብ ብሎ እየተከታተለ በመንገድ ይሄዳል፤ ለመጓዝ ይመቻል፥ ለመተኮስ ግን አይመችም፤ ጠላት የሚያየው የፊተኞቹን ብቻ ነውና። ሁለተኛው አግድም ሰልፍ ነው፤ ወታደሮቹ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ሁሉም መተኮስ ይችላል፥ ነገር ግን ጎኑና ጀርባው ይጋለጣል። ሦስተኛው አራት ማዕዘን ሰልፍ ነው፤ ጦሩ ፊቱን በአራቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ አድርጎ፥ ሳንጃውን አሹሎ፥ ቁስለኛውንና ዕቃውን በመካከል ይዞ ይቆማል። ይህ ሰልፍ ጎንም ጀርባም የለውም። ናፖሊዮን በ1798 በግብፅ አገር በፒራሚዶች አጠገብ የማምሉኮችን ፈረሰኞች የመከተው በዚህ ነው፤ በ1815 ደግሞ በዋተርሉ የእንግሊዝ እግረኞች በዚሁ ሰልፍ ቆመው የፈረንሳይን ፈረሰኞች ብዙ ጊዜ መለሱ።

ከዚያ በኋላ ርቆ የሚመታና ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ በመፈልሰፉ፥ በአውሮፓ ምድር ተጠጋግቶ መቆም ለመድፍና ለጥይት ዒላማ መሆን ብቻ ሆነ። አራት ማዕዘኑም በአውሮፓ እየተተወ ሄደ። በአፍሪካ ግን ተመልሶ ነፍስ ዘራ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአገሩ ጦር ቁጥሩ ብዙ፥ ጠመንጃው ጥቂት፥ የሚያጠቃውም በመክበብ ስለ ነበረ፥ በሩቅ የሚመታ መሣሪያ የያዘ ጥቂት ጦር ጎኑን ካልሸፈነ ያልቅ ነበር። ይህንንም እንግሊዞች የተማሩት በመጽሐፍ አይደለም፤ በደም ነው።

በ1879 በጥር ወር ሎርድ ቼልምስፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ ጄኔራል የንጉሥ ሴትሽዋዮን አገር፥ ዙሉላንድን ለመያዝ ድንበር ጥሶ ገባ። ኢሳንድልዋና ከሚባል ተራራ ሥር ሠፈረ። ጋሪዎቹን አጋጥሞ ምሽግ አላደረገም፤ ጉድጓድም አላስቆፈረም። ጥር 22 ቀን ሳይነጋ የዙሉን ጦር ፍለጋ ከግማሽ የሚበልጠውን ሠራዊት ይዞ ሄደ፤ በሠፈሩ ወደ 1,700 የሚሆኑ እንግሊዞችና አብረዋቸው የዘመቱ አፍሪካውያን ቀሩ። እርሱ በአንድ አቅጣጫ ሲፈልግ ወደ 20,000 የሚሆነው የዙሉ ጦር በሌላው አቅጣጫ፥ በሸለቆ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ነበር።

አሁን እስቲ «ሥርዓት የለውም» የተባለውን ይህን ጦር እንመልከተው። የዙሉ ወጣቶች በዕድሜ በዕድሜያቸው ተመድበው፥ አብረው ያደጉት በአንድ ክፍለ ጦር ይሆናሉ፤ ልክ እኛ በየክፍላችን እንደምንመደበው ማለት ነው። አሰላለፋቸው በጎሽ ይመሰላል። መካከሉ «ደረት» ይባላል፤ የጠላትን ፊት ይገጥማል። ግራና ቀኙ «ቀንዶች» ይባላሉ፤ ፈጣኖቹ ወጣቶች እየሮጡ ጠላትን ከጎንና ከጎን አልፈው በስተኋላው ይገናኛሉ። ከደረቱ በስተጀርባ «ወገብ» የሚባለው ደጀን ይቆያል። ይህ የደጀን ጦር ያለ ጊዜው ልቡ ተነሣሥቶ ወደ ውጊያው እንዳይገባ ጀርባውን ለጦርነቱ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር ይባላል። እንግዲህ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በሰፊ ሜዳ ላይ ተበታትነው እየሮጡ በታሰበው ቦታ ሊገናኙ የቻሉት ያለ ልምምድና ያለ ሥርዓት ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

በዚያን ቀን የእንግሊዞቹ አለቆች ወታደሮቻቸውን አራት ማዕዘን አድርገው አልሰበሰቡም። ከሠፈሩ ራቅ ብለው በቀጭኑ፥ በሰውና በሰው መካከል ብዙ ቦታ ትተው ዘረጓቸው። ማርቲኒ ሄንሪ የሚባለው ጠመንጃቸው ፈጣን ስለ ሆነ ይበቃናል ብለው ነበር። ለጊዜውም የዙሉን ደረት አቆሙት። ነገር ግን በቀኝ በኩል የነበሩት ጥይት እያለቀባቸው ሲያፈገፍጉ ሰልፉ ተከፈተ፤ ሁለቱ ቀንዶችም መጥተው ገጠሙ። ከ1,300 የሚበልጡ የእንግሊዝ ወገን ወታደሮች በዚያ ሜዳ ወደቁ። ከዙሉም ቢሆን አንድ ሺህ የሚያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ጥሩ ጠመንጃ የያዘው ጦር የተሸነፈው እርስ በርሱ ስለ ተራራቀ ነው።

ቼልምስፎርድ ይህን አልረሳም። ሐምሌ 4 ቀን 1879 ወደ ንጉሡ ከተማ ወደ ኡሉንዲ ሲመጣ፥ ወደ 5,000 የሚሆን ጦሩን ገና ከመንገድ ጀምሮ በአንድ ትልቅ አራት ማዕዘን አድርጎ አስኬደው። መድፎቹንና ጋትሊንግ የሚባሉትን መትረየሶች በሰልፉ መካከል ጣልቃ አቆመ፤ ፈረሰኞቹን በውስጥ አስገባ። ዙሉዎች እንደ ልማዳቸው ከበቡት፤ ነገር ግን የሚያልፉት ጎን፥ የሚደርሱበት ጀርባ አጡ። ውጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቈየ። ከዙሉ ከሺህ በላይ ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት አሥራ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። ንጉሥ ሴትሽዋዮም በነሐሴ ወር ተማረከ፤ አገሩም በ13 ሹማምንት ተከፋፈለ። በዚህ ቀን የዙሉ ጀግንነት አልጎደለም፤ ሥርዓቱም አልፈረሰም። ያሸነፈው አንዱም ክፍተት ያልነበረበት ሰልፍ ከመድፍና ከመትረየስ ጋራ ነው። ስለዚህ ኡሉንዲን ጠቅሶ «ሥርዓት ያለው ሥርዓት የሌለውን አሸነፈ» የሚል ሰው ግማሹን ነገር ደብቋል እንላለን።

አራት ማዕዘኑ ራሱ ምን ያህል ለጥቂት ስሕተት የተጋለጠ እንደ ነበረ ደግሞ የሱዳን ታሪክ ያሳየናል። በ1885 በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን ወደ 1,400 የሚሆን የእንግሊዝ ጦር በግመል በረሃውን ያቋርጥ ነበር። ጥር 17 ቀን አቡ ክሌአ ከሚባለው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ የማህዲ ወታደሮች ቆዩት። እንግሊዞቹ አራት ማዕዘን ሠርተው ወደ ፊት ሄዱ። ሆኖም ቁስለኛና ጥይት የጫኑት ግመሎች እግራቸው እየዘገየ የኋለኛው መስመር ተጎተተ፤ በግራ በኩል ያለው ማዕዘን ተከፈተ። በዚያው ላይ መትረየሱን ለመተኮስ ሲሉ ከሰልፉ ወደ ውጭ አወጡት፤ እርሱም ጥቂት ተኩሶ ነከሰ። የማህዲ ጦር በዚያ ክፍተት ገብቶ ውጊያው በአራት ማዕዘኑ ውስጥ በጦርና በሳንጃ ሆነ። ያዳናቸው በፊተኛው መስመር ከነበሩት የኋለኛው ረድፍ ሳይሸሽ ፊቱን መልሶ ወደ ውስጥ በመተኮሱ ነው። ውጊያው የቈየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲሆን ከእንግሊዝ ከ70 በላይ፥ ከማህዲ ወገን ወደ 1,100 ሰው ሞተ። ካርቱምም ጥር 26 ቀን ወደቀች፤ የእርዳታው ጦር መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን አገር እንመለሳለን። አያቶቻችን እንደ አውሮፓ ወታደር በአንድ እርምጃ የመሄድ ልምምድ አልነበራቸውም። ነገር ግን የሹመታችንን ስሞች ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው አሰላለፉን በውስጣቸው ያገኘዋል። ፊታውራሪ ማለት የግንባሩን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙ ጦር፥ ግራዝማች የግራው ጦር አዝማች ነው። ደጃዝማችም ስሙ እንደሚያመለክተው በደጅ፥ ማለት በንጉሡ ድንኳን በር በኩል ያለውን ጦር የሚያዝ ነው። ስንቶቻችን ነን እነዚህን ስሞች በየቀኑ እየሰማን የጦር ሰልፍ መሆናቸውን ያላስተዋልን! ሠራዊቱ ሲሠፍር የንጉሡ ድንኳን በመካከል ሆኖ እያንዳንዱ መኰንን ከነጭፍራው በታወቀ ቦታው ይሠፍር ነበር። ስለዚህ በሌሊት ድንገት ጠላት መጣ ቢባል ማንም ወታደር ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ ወዴት እንደሚሮጥ አይጠፋበትም።

የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲየሪ በ1896 ወደ ዐድዋ ሲመጣ ወደ 17,700 የሚሆን ጦርና 56 መድፍ ነበረው። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ 100,000 እንደ ነበረ ይገመታል። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ከምሽቱ በ3 ሰዓት ገደማ የኢጣልያ ጦር በሦስት ተከፍሎ ጉዞ ጀመረ፤ በቀኝ ዳቦርሚዳ፥ በመካከል አሪሞንዲ፥ በግራ አልቤርቶኔ፤ ከኋላም ኤሌና በደጀንነት ይከተል ነበር። አሳቡ ሳይነጋ ከዐድዋ በፊት ያሉትን ተራሮች ይዞ ጎን ለጎን መቆም ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ሰልፍ ነው። ዳሩ ግን ሌሊት ነው፤ መንገዱ ገደላገደል ነው፤ በእጃቸው የነበረውም ካርታ የተሳሳተ ነው። የአልቤርቶኔ ጦር የአሪሞንዲን መንገድ አቋርጦ ስላለፈ አሪሞንዲ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ ጠበቀ። አልቤርቶኔ በባራቲየሪ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ከተጻፈው ኮረብታ ደርሶ ቢቆምም፥ መንገድ መሪው እውነተኛዋ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት ናት ስላለው ብዙ ኪሎ ሜትር ብቻውን ገሰገሰ። ዳቦርሚዳም እርሱን እረዳለሁ ብሎ ሲሄድ ወደ ቀኝ እየራቀ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደ። እንግዲህ ጎን ለጎን ሊቆሙ የወጡት ሦስቱ ጦሮች በነጋ ጊዜ አንዱ ሌላውን ማየት እንኳ አልቻሉም።

የካቲት 23 ቀን ጧት ውጊያው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ወታደር እየተበታተነ፥ በድንጋይና በቁጥቋጦ እየተከለለ፥ በተከፈተው መካከል እየገባ ይከብ ነበር። በመጀመሪያ አልቤርቶኔ፥ ቀጥሎ አሪሞንዲ፥ በመጨረሻም ዳቦርሚዳ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ተመቱ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ 56ቱም መድፎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ከኢጣልያ ወገን ወደ 6,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። የእኛም ድል ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ፊታውራሪ ገበየሁን ጨምሮ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በዚያ ቀን ወደቁ። አንድ ነገርም ልንሸሽገው አይገባም፤ በኢጣልያ ሰልፍ ውስጥ የቆመው ሁሉ ኢጣልያዊ አልነበረም። የአልቤርቶኔ ጦር አብዛኛው ከመረብ ማዶ የመጣ የእኛው ወገን ሲሆን፥ ከተማረኩትም አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈረጡ። በሰው አገር ሰልፍ ቆሞ ወንድሙን የተኰሰ፥ በወንድሙም እጅ የተቈረጠ ሰው ታሪክ ከድሉ ጋራ አብሮ ሊነገር ይገባዋል።

ተጠጋግቶ መሰለፍ በመጨረሻ የተሰናበተው በደቡብ አፍሪካ ነው ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 11 ቀን 1899 በማገርስፎንቴን የእንግሊዝ ጦር የሃይላንድ ብርጌድ በሌሊት፥ በዝናብና በነጐድጓድ፥ ሰው እንዳይጠፋ በገመድ እየተያያዘ፥ እጅግ ተጠጋግቶ ወደ ቦኤሮች ምሽግ ተጓዘ። እነዚህ ሰዎች የአልቤርቶኔን ስሕተት አልሠሩም፤ አንድም ሰው ከሌላው አልራቀም። ነገር ግን ቦኤሮቹ በኮረብታው ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ሥር በተቈፈረ ጉድጓድ ውስጥ ማውዘር ጠመንጃ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ጎሕ ሲቀድ፥ ብርጌዱ ገና ሊዘረጋ ሲል ተኩሱ ወረደበት። አዛዡ ጄኔራል ዎኮፕ ሞተ፤ በዚያ ቀን ውጊያ እንግሊዞች ከ900 በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎ ቀረባቸው። ፈጣን ጠመንጃ ባለበት ሜዳ ትከሻ ለትከሻ መቆም መከታ መሆኑ ቀርቶ መቃብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰልፍ ልምምድ ለውጊያው ቀን ሳይሆን ወታደሩን ትእዛዝ ለማስለመድና ለክብር በዓል የሚደረግ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የተረዳነውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፥ ሥርዓት የአንድ ዘር ወይም የአንድ ክፍለ ዓለም ርስት አይደለም። የጎሹ ቀንድ ሥርዓት ነው፤ ፊታውራሪና ቀኛዝማችም ሥርዓት ነው። ሰው የማያውቀውን ሥርዓት «ሥርዓት የለሽ» ብሎ መጥራት ይቀናዋል፤ ባራቲየሪንም ሆነ ቼልምስፎርድን የጎዳቸው አንዱ ይኸው ንቀት ነው። ሁለተኛ፥ የሰልፍ ኀይል በመስመሩ ማማር ሳይሆን የጎን ጓደኛን ባለመልቀቅ ነው። በኢሳንድልዋናና በዐድዋ የተሸነፈው ከጓደኛው የራቀው ነው፤ በአቡ ክሌአም አንድ ማዕዘን ስለ ተከፈተ ብቻ ሰልፉ ሁሉ ሊጠፋ ነበር። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፥ ሥርዓት ራሱ ጽድቅ አይደለም። የኡሉንዲው ሰልፍ እጅግ የተስተካከለ ነበር፤ የተሰለፈው ግን የሰው አገር ለመቀማት ነው። ስለዚህ ሰልፍ የሚገባ ሰው እግሩ ከጓደኛው እግር ጋራ መግጠሙን ብቻ ሳይሆን ሰልፉ ወዴት እንደሚሄድም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ያ ጓደኛችን «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ መልስ አግኝቷል ብለን እናምናለን። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ከዚህ ሜዳ ሰልፍ ወጥተን በየፊናችን እንበታተናለን፤ አንዳችን ወደ ሥራ፥ አንዳችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት። ትከሻ ለትከሻ መቆማችን ይቀራል፤ ጎረቤታችን ማን እንደ ሆነ ማወቃችን ግን እንዳይቀር እንመኛለን። ለታናናሾቻችንም አንድ ቃል ትተን እንሄዳለን፤ ነገ ጧት «ቀኝ ዙር!» ሲባል ወደ ግራ የዞረውን ልጅ አይታችሁ አትሣቁበት፤ ወደ ቦታው መልሱት። ለመምህሮቻችን፥ ለወላጆቻችንና ለትምህርት ቤታችን መልካም በዓል ይሁን።